መቶ ሜትር፣ ከየት ተለክቶ? የድሮን ቅየሳ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቻቸው

ሰሞኑን ከደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ የሚሽከረከሩት በአንድ ጉዳይ ላይ ነው። ድሮን ለቅየሳ ስናበር ከፍታውን ስንት እናድርገው? ድሮኑ እንዲያልፍባቸው የምንመርጣቸውን ነጥቦች፣ ዌይፖይንቶቹንስ የት የት እናስቀምጥ? ሁሉንም ማስተናገድ ስለማይቻል የሚመሳሰሉትን አጣምሬ፣ የረዘሙትን አሳጥሬ አቀርባለሁ።

ጥያቄ፦ ሰላም ለዚህ ዓምድ አዘጋጅ። በድሮን መቀየስ ከጀመርኩ ገና ነው። ከኮረብታ ግርጌ ተነስቼ በ100 ሜትር ከፍታ አንድ ተዳፋት መሬት አነሳሁ። ታች ያለው ክፍል አሪፍ ወጣ። ጫፉ ላይ ግን ሶፍትዌሩ ፎቶዎቹን ማገጣጠም አቅቶት ካርታው ላይ ቀዳዳ ቀረ። ደግሞም ድሮኑ ዛፎቹን ለጥቂት ነው የሳታቸው። ሪሞቱ ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ 100 ሜትር ነው የሚለው። ከፍታ መለኪያው ተበላሽቶ ይሆን?
(ጀማሪው ቀያሽ)

መልስ፦ መለኪያው ደህና ነው ወንድሜ። ችግሩ 100 ሜትሩ ከየት እንደተለካ አለመጠየቅህ ነው።

ድሮኑ ውስጥ ትንሽ ባሮሜትር አለች። ስትነሳ የነበረውን የአየር ግፊት ዜሮ ብላ ትይዛለች። ከዚያ በኋላ ግፊቱ በቀነሰ ቁጥር «ወጣሁ» ትላለች። ሥሯ ኮረብታ ይሁን ገደል የምታውቀው ነገር የለም። ስለዚህ ሪሞቱ ላይ ያየኸው 100 ከተነሳህበት ቦታ የተለካ ነው። ግርጌው ላይ ቆመህ ላስነሳኸው ድሮን፣ ኮረብታው 60 ሜትር ከፍ ካለ፣ ጫፉ ላይ የቀረው 40 ሜትር ብቻ ነው። እዚያ ላይ 25 ሜትር የሚረዝም ዛፍ ካለ ደግሞ 15 ሜትር። ዛፉን ለጥቂት የሳትከው ለዚህ ነው።

ካርታው ላይ የቀረው ቀዳዳም ከዚሁ የመጣ ነው። ቁጥሩን አብረን እንየው። ካሜራህ ፋንተም 4 ፕሮ የሚባለው ድሮን ላይ እንዳለው ዓይነት ነው እንበል፣ ማለትም የሴንሰሩ ስፋት 13.2 ሚሊ ሜትር፣ የሌንሱ የትኩረት ርቀት 8.8 ሚሊ ሜትር፣ ፎቶው በስፋቱ 5472 ፒክስል። በ100 ሜትር ላይ አንድ ፎቶ 150 በ100 ሜትር መሬት ይሸፍናል። አንድ ፒክስል መሬት ላይ 2.7 ሴንቲሜትር ገደማ ይሆናል። የጎን መደራረቡን፣ ማለትም ጎን ለጎን ባሉ መስመሮች ላይ የተነሱ ፎቶዎች የሚጋሩትን መሬት፣ 70 በመቶ ካልከው በረራውን የምታቅድበት አፕ መስመሮቹን 45 ሜትር ያራርቃቸዋል። የፊቱን፣ ማለትም በአንድ መስመር ላይ ተከታትለው የተነሱት የሚጋሩትን፣ 80 በመቶ ካልከው ደግሞ በየ20 ሜትሩ ፎቶ ያነሳል።

አሁን ኮረብታው ጫፍ ላይ እንውጣ። ከፍታህ 40 ሜትር ሆነ። ፎቶው የሚሸፍነው መሬት ወደ 60 በ40 ሜትር ወረደ። መስመሮቹ ግን አሁንም 45 ሜትር ተራርቀዋል፣ ማንም አልነገራቸውማ። የጎን መደራረቡ ከ70 ወደ 25 በመቶ አሽቆለቆለ ማለት ነው። የፊቱም ወደ 50። በዚህ መደራረብ ሶፍትዌሩ ፎቶዎቹን ማገጣጠም ቢያቅተው አይፈረድበትም።

መፍትሔው ምንድን ነው? መጀመሪያ አካባቢው ውስጥ ያለውን ዝቅተኛና ከፍተኛ ቦታ እወቅ። ልዩነቱ ከበረራ ከፍታህ አንድ አምስተኛ ካልበለጠ ብዙም አትጨነቅ። 100 ሜትር ላይ ሆነህ መሬቱ 20 ሜትር ቢነሳ የጎን መደራረቡ ወደ 62 በመቶ ይወርዳል፣ እሱ ያስኬዳል። ከዚያ ከበለጠ ቦታውን በከፍታ ከፋፍለህ ለየብቻ አብር፣ ወይም መሬቱን ተከትሎ የሚሄደውን ዘዴ ተጠቀም። እሱን ቀጥሎ እመጣበታለሁ።

«ታዲያ ከጫፉ ብነሳስ?» ልትል ትችላለህ። ለደኅንነት ጥሩ ነው፣ ከየትም ቦታ በላይ ቢያንስ 100 ሜትር አለህና። ግን ግርጌው ላይ ስትደርስ እውነተኛው ከፍታህ 160 ሜትር ይሆናል። ፒክስሉ ከ2.7 ወደ 4.4 ሴንቲሜትር ይሰፋል። ከሕግም ጋር ልትጋጭ ትችላለህ። በአውሮፓ ኅብረት 120 ሜትር፣ በአሜሪካ 400 ጫማ የሚባለው መደበኛ ጣሪያ የሚለካው ድሮኑ በዚያች ቅጽበት ካለበት ቦታ ሥር ካለው መሬት እንጂ ከተነሳበት አይደለም። ሪሞቱ 100 እያለህ ሕግ ልትጥስ ትችላለህ ማለት ነው። የምታበርበት አገር የአቪዬሽን መሥሪያ ቤት የሚለውን ቀድመህ አንብብ።

አንድ ነገር ልጨምር። ስታሳርፍ ሪሞቱን አየት አድርገው። መሬት ነክቶ እያለ −2 ወይም 3 ሜትር ካለህ አትደንግጥ። በበረራው መካከል የአየር ግፊቱ ስለተለወጠ ነው። ከባሕር ጠለል አጠገብ የ1 ሄክቶፓስካል ለውጥ ብቻውን ወደ 8 ሜትር ያሳስታል። ስለዚህ ከዛፍ በላይ 5 ሜትር ተርፎኛል ብሎ መኩራራት አያዋጣም።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። መሬቱን ተከትሎ የሚሄደውን፣ ቴሬይን ፎሎው የሚሉትን ማብራት ጀምሬያለሁ። አሁን እጄን አጣጥፌ ብቀመጥ ችግር አለው? ሥራዬ ጫካና የኤሌክትሪክ መስመር የሚበዛበት ቦታ ላይ ነው።
(መንገድ ሥራ ላይ ያለሁ መሐንዲስ)

መልስ፦ አለው እንጂ እህቴ! እንዲያውም እጅሽን የማታጣጥፊው ያኔ ነው።

ብዙዎቹ ድሮኖች መሬቱን «ይከተላሉ» ሲባል እያዩት አይደለም። ቀድሞ በተጫነ የከፍታ ዳታ ነው የሚመሩት። ያ ዳታ ደግሞ ብዙ ጊዜ ኤስአርቲኤም የሚባለው ነው። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2000 ኢንዴቨር የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር በ11 ቀን ውስጥ በራዳር የሰበሰበችው። ትልቅ ሥራ ነው፣ ዛሬም ያገለግላል። ግን ከዚያ ወዲህ የተቆፈረ፣ የተከመረ፣ የተገነባ ነገር ሁሉ የለበትም። በዚያ ላይ ለ30 በ30 ሜትር መሬት አንድ ቁጥር ብቻ ነው ያለው። በመሃል ያለች ሹል አለት ተድጣ ትጠፋለች። የከፍታ ስህተቱም ከ10 ሜትር በላይ ሊሆን ይችላል። ራዳሩ ጥቅጥቅ ያለ ጫካ ሲያጋጥመው ከቅጠሉና ከመሬቱ መካከል የሆነ ቦታ ላይ ስለሚመለስ፣ የዛፉ ጫፍም የመሬቱም ወለል በትክክል አይታወቅም።

እኔ የምመክረው እንዲህ ነው። ሥራው ትልቅ ከሆነ መጀመሪያ ከማንኛውም እንቅፋት በላይ እርግጠኛ በሆንሽበት ከፍታ፣ ሕጉ እስከፈቀደልሽ ድረስ፣ አንድ ፈጣን በረራ አድርጊ። ከሱ ፎቶዎች ዛፉንም ሕንፃውንም የሚያካትት የገጽታ ሞዴል አውጪ። ከዚያ ያንን ሞዴል ጭነሽ ዝቅ ብለሽ አብሪ። አንድ ባትሪ ታወጫለሽ፣ ድሮን ታተርፊያለሽ።

ለዚያ ጊዜ ከሌለሽ ቢያንስ ረጅሙን ዛፍ ለኪው። ዘዴው ቀላል ነው። ከዛፉ ራቅ ብለሽ፣ ግን ከዛፉ ግርጌ ጋር እኩል ከፍታ ካለው መሬት ተነሺ። የካሜራውን ዘንበላ 0 ዲግሪ ላይ አድርጊና ወደ ዛፉ አዙሪው። ከዚያ ቀስ እያልሽ ከፍ በይ። በስክሪኑ ወገብ ላይ ከሚያልፈው መስመር በላይ የወጣ ነገር ሁሉ ከድሮኑ ይረዝማል። የዛፉ ጫፍ ልክ ወገቡ ላይ ሲደርስ ከፍታውን አንብቢ። ያ የዛፉ ቁመት ነው። ለአንቴና ማማም፣ ለሕንፃም፣ ለክሬንም ይሠራል።

የኤሌክትሪክ ገመድ ግን ሌላ ጣጣ ነው። ቀጭን ስለሆነ የድሮኑ እንቅፋት መለያ ሴንሰር ብዙ ጊዜ አያየውም። ከፍታ ዳታው ውስጥ ጭራሽ የለም። ክፉው ደግሞ ከአንዱ ሸንተረር ወደ ሌላው ሸንተረር ሸለቆ ተሻግሮ የተዘረጋው ነው። ሸለቆው መሃል ላይ ገመዱ ከመሬት ብዙ አሥር ሜትር ከፍ ብሎ ያልፋል። ቴሬይን ፎሎው በርቶ ከሆነ ድሮንሽ መሬቱን ተከትሎ ወደ ሸለቆው ይወርዳል፣ ልክ ገመዱ ወዳለበት ከፍታ። ስለዚህ ገመዱን ሳይሆን ምሰሶውን ፈልጊ፣ ከሳተላይት ምስሉም ከመሬትም። ከዚያ ከምሰሶው ጫፍ በላይ ህዳግ ተዪና እዚያ ክፍል ላይ ቴሬይን ፎሎውን አጥፍተሽ በቋሚ ከፍታ ተሻገሪ። ይህን ለድሮኑ ብልህነት አትተዪው።

ዳገቱ ቀጥ ያለ ከሆነም የፍጥነት ነገር አለ። በሰከንድ 10 ሜትር እየሄደ 40 በመቶ ተዳፋት የሚወጣ ድሮን በሰከንድ 4 ሜትር ወደ ላይ መውጣት አለበት። የመውጫ ጣሪያው 3 ከሆነ በየሰከንዱ 1 ሜትር ወደ መሬቱ እየተጠጋ ነው። ፍጥነቱን ቀንሺ፣ ወይም የተሻለውን አድርጊ፦ የበረራ መስመሮቹን ዳገቱን ሽቅብ ቁልቁል ከምታስሮጫቸው ጎኑን ይዘው እንዲሄዱ አዙሪያቸው። እያንዳንዱ መስመር ብዙም ከፍ ዝቅ አይልም፣ ባትሪውም ይበረክታል።

ጥያቄ፦ ዌይፖይንቶቼ ሁሉ ከመሬት 60 ሜትር ከፍታ አላቸው። አንድ በአንድ አጣርቻለሁ። ሆኖም ድሮኑ በሁለቱ መካከል ሸንተረር ላይ ሊላተም ሲል በግድ አቆምኩት። ምኑ ነው የጎደለኝ?
(ስሜ ይቆይ)

መልስ፦ ነጥቦቹን አጣርተሃል፣ በመሃላቸው ያለውን መንገድ ግን አላየኸውም። ድሮን ከነጥብ ወደ ነጥብ የሚሄደው በቀጥታ መስመር ነው። ሁለቱ ነጥቦች በእኩል ከፍታ ሸንተረሩ ወዲህና ወዲያ ቢሆኑና ሸንተረሩ ከሁለቱም ሥር ካለው መሬት 50 ሜትር ቢነሳ፣ የቀረህ 10 ሜትር ነው። ዛፍ ካለበት እሱም የለህም።

ዌይፖይንት የሚቀመጠው በእኩል ርቀት ለማማር አይደለም። መሬቱ አመሉን በሚቀይርበት ቦታ ነው፦ ሸንተረር ጫፍ ላይ፣ ገደል አፋፍ ላይ፣ ከገመድ ወዲህና ወዲያ። ሜዳ ላይ ሁለት ነጥብ ለአንድ ኪሎ ሜትር ይበቃል። ወጣ ገባ መሬት ላይ ግን በየ50 ሜትሩም ሊያንስ ይችላል።

ከመነሳትህ በፊት ከጎን የሚታየውን የከፍታ ቅርጽ ተመልከት። ሚሽን ፕላነርና ኪውግራውንድ ኮንትሮል የሚባሉት የበረራ ማቀጃ ሶፍትዌሮች የበረራውን መስመርና የመሬቱን ቅርጽ አንድ ላይ ያሳዩሃል። ጉግል ኧርዝ ፕሮ ላይም መስመር ስበህ የከፍታ ቅርጹን ማየት ትችላለህ። ሁለቱ መስመሮች የሚቀራረቡበትን ፈልግና እዚያ ነጥብ ጨምር።

የሚረሱ ሁለት ቦታዎች አሉ። አንደኛው ከመነሻህ እስከ መጀመሪያው ዌይፖይንት ያለው መንገድ ነው። አንዳንዱ አፕ መጀመሪያ ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ አንዳንዱ ደግሞ እየወጣ በሰያፍ ይሄዳል። በሰያፍ የሚሄደው መነሻህ አጠገብ ያለውን ዛፍ ወይም ጣሪያ ሊያገኘው ይችላል። ያንተ አፕ የትኛውን እንደሚያደርግ ገላጣ ቦታ ላይ ሞክረህ እወቅ። ሁለተኛው ማዞሪያው ነው። ባለ ክንፍ ድሮን እንደ ባለ አራት ፕሮፔለሩ ባለበት ቆሞ አይዞርም፣ ከመስመሩ ጫፍ አልፎ ሰፊ ክብ ይሠራል። ከቅየሳው ክልል ውጪ ያለውን ኮረብታ ደግሞ ማንም አላጣራውም።

ቁጥር በእጅህ የምትጽፍ ከሆነም ተጠንቀቅ። ኬኤምኤል በሚባለው የካርታ ነጥቦችና መስመሮች መያዣ ፋይል ውስጥ ቀድሞ የሚመጣው ኬንትሮስ ነው፣ ብዙ ሰው ግን ኬክሮስን ነው የሚያስቀድመው። ሲገላበጥ ነጥቡ ሌላ አገር ይሄዳል፣ ያኔ ድሮኑ አልነሳም ይልሃልና ትነቃለህ። ትንሹ ስህተት ነው አደገኛው። የኬክሮስ ሦስተኛ አሥርዮሽ ላይ አንድ አሃዝ ብትስት 111 ሜትር ትስታለህ። ይህ በዓይን ሳይታይ ያልፋል።

ጥያቄ፦ ግንኙነት ሲቋረጥ ድሮኑ ራሱ የሚመለስበትን ከፍታ ስንት ላይ ላድርገው? ልጆቹ 30 ሜትር ይበቃል ይሉኛል፣ እኔ ግን አልተዋጠልኝም።
(ጡረታ የወጣሁ ቀያሽ)

መልስ፦ ልክ ነዎት ጋሼ፣ እኔም አይዋጥልኝም። 30 ሜትር ሜዳ ላይ ነው የሚያዋጣው።

የሚመለስበት ከፍታም የሚለካው ከመነሻው ነው። ብዙዎቹ ድሮኖች ተመለስ ሲባሉ ከተቀመጠላቸው ከፍታ በታች ካሉ መጀመሪያ ቀጥ ብለው እስከዚያ ይወጣሉ። ቀድሞውኑ ከዚያ በላይ ካሉ ግን ባሉበት ከፍታ ነው የሚመለሱት። ከዚያ በቀጥታ መስመር ወደ መነሻው። የመጡበትን ዌይፖይንት አይከተሉም። ስለዚህ እርስዎ ሸንተረሩን ዞረው ያስኬዱት ድሮን ሲመለስ ሸንተረሩን ሰንጥቆ ሊያልፍ ይሞክራል። ደግሞ ግንኙነት የሚቋረጠው ብዙ ጊዜ ሸንተረሩ ድሮኑን ሲጋርደው ስለሆነ፣ ይህ ያልተለመደ አጋጣሚ አይደለም፣ እንዲያውም ዋናው ነው።

ከሥራው ክልል ከየትኛውም ጥግ ወደ መነሻው መስመር ይሳቡ። በነዚያ መስመሮች ላይ ያለውን ከፍተኛውን ነገር ይፈልጉ፣ ዛፉንና ማማውን ጨምረው። ከመነሻዎ ስንት ሜትር እንደሚበልጥ ያስሉና 30 ሜትር ይደምሩበት። ሸንተረሩ ከመነሻው 45 ሜትር ቢነሳ፣ ዛፉ 20 ቢሆን፣ መመለሻው 95 ይሆናል። የከፍታ ጣሪያ የሚባለውንም ማስተካከያ ይዩት። ጣሪያው 90 ላይ ተቆልፎ ከሆነ 95 ብለው ማዘዝ አይችሉም።

በረራው መካከል ቦታ ከቀየሩ፣ በተለይ ጀልባ ወይም መኪና ላይ ከሆኑ፣ መነሻ ነጥቡን ያድሱት። አለበለዚያ እርስዎ ወደሌሉበት ነው የሚመለስልዎት።

ጥያቄ፦ ካርታው መሬቱ 2430 ሜትር ነው ይላል፣ ጂፒኤሱ ሌላ ቁጥር ይሰጠኛል። የትኛውን አፑ ውስጥ ላስገባ?

መልስ፦ መጀመሪያ አፑ ምን እንደጠየቀህ እይ። ከመነሻ ከሆነ የሚፈልገው እንደ 80 ወይም 100 ያለ ቁጥር ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ከሆነ እንደ 2530 ያለ። ሚሽን ፕላነር ላይ ሦስቱም፣ ማለትም ከመነሻ፣ ከባሕር ጠለልና ከመሬቱ፣ ለየብቻ ይመረጣሉ። አንዱን አስበህ ሌላውን ከመረጥክ ጉድ ፈላ።

ካርታውና ጂፒኤሱ ያልተስማሙት ደግሞ መነሻቸው ስለሚለያይ ነው። ካርታው ከአማካይ የባሕር ጠለል ይለካል። ጥሬው የጂፒኤስ ከፍታ የሚለካው ግን ምድርን ለስላሳ ሞላላ አድርጎ ከሚወስድ የሒሳብ ቅርጽ ነው። የሁለቱ ልዩነት እንደየቦታው ከ100 ሜትር በላይ ከመቀነስ እስከ 85 ሜትር ገደማ መጨመር ይደርሳል። ሁለቱን በአንድ ሚሽን ውስጥ አትቀላቅል። አንዱን ምረጥና ሁሉንም ወደሱ ቀይር።

ጥያቄ፦ ለጥራት ብዬ ሁልጊዜ 30 ሜትር ላይ ባበርስ?

መልስ፦ ደንበኛው 1 ሴንቲሜትር ጠይቆሃል? ካልጠየቀህ ለምን ራስህን ታደክማለህ። ከ100 ወደ 30 ሜትር ስትወርድ የፎቶው ብዛት 11 እጥፍ ገደማ ይሆናል። የበረራው ርዝመት ከሦስት እጥፍ ይበልጣል። በላይኛው ምሳሌ ካሜራ፣ 80 በመቶ መደራረብ ለማግኘት በየ6 ሜትሩ ፎቶ ማንሳት አለብህ። ካሜራህ በ2 ሰከንድ አንድ ጊዜ የሚያነሳ ከሆነ በሰከንድ ከ3 ሜትር በላይ መሄድ አትችልም። በፍጥነት ልሂድ ብትል ደግሞ ይደበዝዛል፦ በሰከንድ 10 ሜትር እየሄድክ በ1/500 ሰከንድ ብታነሳ ካሜራው ፎቶው ሳያልቅ 2 ሴንቲሜትር ይንቀሳቀሳል። 100 ሜትር ላይ ይህ ከአንድ ፒክስል ያንሳል፣ ማንም አያየውም። 30 ሜትር ላይ ግን ከሁለት ፒክስል በላይ ነው። ለጥራት ብለህ ወርደህ ጥራቱን ታጣዋለህ። 3 ሴንቲሜትር የሚበቃው ሥራ ከሆነ 100 ሜትር ላይ ሆነህ ጨርስ፣ ዝርዝር የሚፈልገውን ጥግ ብቻ ለይተህ ዝቅ ብለህ አንሳ።